የመግነዙ ቋጠሮ

ኡይሶንግ፣ ኖቬምበር 9

ይድረስ ለአንድያ ልጄ ለቦምሱ፤

የሃኖይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ ውርጩ ገብቷል። ነጭ ሽንኩርቱን ትናንት ተክዬ ጨረስኩ። ወገቤን አትጠይቀኝ፤ አለ፣ ከእኔው ጋር ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የአረጋውያን መኖሪያው ክፍል መስኮቱ ወደ መናፈሻ እንደሚያይ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፈሃል። የእኔም ቤት ይዘጋል ብለሃል። መልሴን ከማወቅህ በፊት ግን ስለ ፊልሙ ልንገርህ።

ደብቄህ ነበር፣ አትቆጣ። አምና በዚህ ሰሞን ዩራ የምትባል ልጅ አምስት ሰው አስከትላ መንደራችን መጣች። ገጠር ውስጥ ብቻዋን ስለምታረጅ ሴት ፊልም ልትሠራ ነው። ተዋናይ የምትቀጥርበት አቅም አልነበራትም መሰለኝ፣ "እማማ፣ እርስዎ ይሁኑልኝ" አለችኝ። "ምን ልሁን?" ስላት "እንዳሉ ይሁኑ" አለች። ሰማንያ አንድ ዓመት የተለማመድኩትን ሥራ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስኮተኩት፣ ስበላ፣ ከጎረቤታችን ከቺልቦክ ጋር ስጨቃጨቅ ቀረጹኝ። እሱም ተውኗል። ካሜራው ሲዞርበት ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ እንዲያ ያምርብኛል ይላል።

የመጨረሻው ቀን በፊልሙ ውስጥ መሞቻዬ ነበር። ዩራ ከከተማ ያመጣችውን መግነዝ ባየው የመጋረጃ ጨርቅ ነው። "በዚህ ከምሞት አልሞትም" ብዬ የራሴን ከሳጥን አወጣሁ። ያንን በየጥቂት ዓመቱ በሚጨመረው ትርፍ የጨረቃ ወር፣ ዕድሜ ያረዝማል ብዬ የሰፋሁትን የቃጫ ልብስ።

ሴቶቹ አለበሱኝ፣ ወለሉ ላይ አጋደሙኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማልቀስ ጀመሩ። ያን ጊዜ አውራ ጣቴ እጅጌው ውስጥ አንድ ነገር ነካ። ቋጠሮ ነው። መግነዝ ሲሰፋ ክር እንደማይቋጠር ታውቃለህ፤ ሟች ወዲህ የሚጎትተው ነገር ይዞ እንዳይሄድ። ለመንደሩ ሴት ሁሉ የሰፋሁ እኔ፣ በገዛ ልብሴ ላይ።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። "መነጽሬን አምጡልኝ።"

"የቦምሱ እናት፣ ሞተሻል እኮ" አለ ቺልቦክ።

"ቋጠሮ አለበት። እንዲህ ሆኜ የትም አልሄድም።"

"በሕይወትሽ አስቸገርሽን፣ ሞተሽም አላረፍሽ። መቀስ ስጧትና ትገላግለን።"

"አንተ መጀመሪያ ጥርስህን አጥልቅና ተናገር።"

ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ወደቁ። ዩራ ካሜራውን አላጠፋችም። ወረቀቷ ላይ የጻፈችውን ሞት ሰርዛ ፊልሙን እዚያው ላይ ጨረሰችው፤ መግነዝ ለብሼ፣ መነጽር አድርጌ፣ ስጣላ።

ባለፈው ቅዳሜ ዴጉ ከተማ ወስደው ፊልሙን አሳዩን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ተነስቼ ቁጭ ስል ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ በመጨረሻም ብድግ አለ። መድረክ ላይ ጠሩኝ። አንዱ ጋዜጠኛ "እማማ፣ ቀጣዩ ሥራዎ ምንድን ነው?" ቢለኝ "ነጭ ሽንኩርት መትከል" አልኩት። ቺልቦክ ከኋላ "ማዳበሪያውን የምሸከመው እኔ ነኝ" ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ልጄ። የኖርኩት ኑሮ ግድግዳ አክሎ ሲታይ ትንሽ አልነበረም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ አልሄድም። ክፍሉን መናፈሻ ለሚናፍቅ ሰው ይስጡት። የእኔ መስኮት ማሳዬን ያያል። ወድቄ እንዳልቀር መስጋትህን አውቃለሁ። ነርሷ በየሐሙሱ ትመጣለች፤ ጠዋት በሬን ካልከፈትኩ ደግሞ ቺልቦክ አጥር ላይ ሆኖ መንደሩን ይቀሰቅሳል። አንድም ቀን አልፎት አያውቅም።

ቋጠሮው መቼ እንደገባ በኋላ አስታወስኩ። እጅጌውን ስሰፋ ደውለህ "እማዬ፣ ሃኖይ ልሄድ ነው፣ ሁለት ዓመት ብቻ" ያልከኝ ቀን ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። እጄ ምን እንደሠራ አላየሁም።

ፈታሽው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዎ እላለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም። እንዳለ አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ።

ጤናህ ይጽና፣ እጅህ የነካው ይባረክ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ነጭ ሽንኩርቱ ሰኔ ላይ ይደርሳል። አብሮኝ የሚነቅል ሰው እፈልጋለሁ።

እናትህ ጆምሬ