ሠዓሊ ሰርካ ቢራቱ፣ ከመሰላ እናቶች ኋላ ተቀምጠው የሣሉ

ሠዓሊ ሰርካ ቢራቱ ከአባታቸው ከአቶ ቢራቱ ጉተማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳነች ወልደየስ ነሐሴ 14 ቀን 1988 ዓ.ም. በዳሮ ለቡ ወረዳ፣ መቻራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቡና ሰብሳቢ፣ እናታቸው ከሸዋ ተመድበው የመጡ ነርስ ነበሩ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ያለፈችን ልጅ «አንቱ» ማለታችንን ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ ወጉ ነውና እንቀጥላለን።

ትምህርታቸውን መቻራ ጀምረው፣ ቤተሰቡ ወደ ጭሮ ሲዛወር እዚሁ ቀጥለው በ2006 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ደብተራቸው ላይ ከትምህርቱ ሥዕሉ ይበዛ ነበር። የሒሳብ መምህራቸው ከፈተና ወረቀታቸው ጀርባ ሠርግ ላይ ሸጎዬ የሚጨፍሩ ወጣቶችን አግኝተው ዜሮ ሰጥተዋቸዋል፤ ወረቀቱን ግን ሳይመልሱ ወደ ቤታቸው ወስደውታል።

በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ሄደው የሥዕል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለፉ። ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መስከረም 2007 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ዐረፉ፤ ወር ሳይሞላ እናታቸው በስትሮክ አልጋ ያዙ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ነጋሽ ቢራቱ «አንድ ዓመት ብቻ ታገሺ» አሏቸው። እሳቸውም ታገሡ። እናታቸውን እያገላበጡ፣ እያጠቡ፣ እያጎረሱ ስምንት ዓመት ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት እናታቸውን ሲጠብቅላቸው፣ በአቶ አብዱልቃዲር ማስታወቂያ ቤት ታፔላ ይጽፉ ነበር። ባለባጃጁ ሳቢር አንበሳ እንዲሥሉለት ቢያዝ፣ ዝናብ የሚለምኑ ሽማግሌዎች ሥለውበት «ባጃጅ ነው ወይስ መስጊድ?» ብሎ ተቆጥቷቸዋል። ዛሬ ባጃጁን ቀለም ሲያስቀባ ያቺን ሥዕል ማንንም አያስነካም።

ከታፔላ በተረፈ አቡጀዲ ላይ የአካባቢውን ሥርዓቶች ሣሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሲንቄን ነበር። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። የተበደለች ሴት በትሯን ይዛ ስትወጣ፣ ያገቡ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በትራቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ በዳዩ ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ አይነሡም። በመሰላ ወረዳ የሚኖሩት እናት፣ አዴ ሙሚና፣ ይህን እንዲያዩ ሲፈቅዱላቸው «አንቺ ገና አላገባሽ፣ ሲንቄ የለሽም፤ ኋላ ተቀምጠሽ እዪ» አሏቸው። ስለዚህ ሲንቄን በሣሉባቸው በአሥራ አንዱም ሥዕሎቻቸው ሴቶቹ የሚታዩት ከጀርባ ነው። ያላዩትን ፊት አልሣሉም።

እናታቸው በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። በማግሥቱ ዓመት ያው ትምህርት ቤት ሥዕሎቻቸውን አይቶ እንደገና ተቀበላቸው። ታላቅ ወንድማቸው ግን... ታላቅ ወንድም እየተባለ የሚነበበው እኔ ነጋሽ ነኝ፤ መደበቁ ይብቃኝ፣ አንቱታውም ይቅርብኝ። እኔና ባለቤቴ ፈለቀች ሥራ እንውላለን። ሁለቱን ልጆቼን ማን ይይዝልኛል ብዬ «ከሄድሽ ይህ ቤት ቤትሽ አይደለም» አልኳት። ሻንጣዋን ፈታች። ልጆቼን ስታደርስ፣ ስታበላ፣ ስታስጠና ከረመች፤ አንድ ቀን መሰላ ደርሼ ልምጣ ስትለኝ እንኳ «ልጆቹስ?» እላት ነበር። እህቴን አሠርኳት፤ ሌላ ስም የለውም።

ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ «ድካም ነው» ትለን ነበር፤ እኛም ድካም ነው አልን። የልብ ሕመም ኖሯል። በጭሮ፣ ቀጥሎም በሐረር ስትታከም ቆይታ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፈች።

አስከሬኗ ጭሮ ሲገባ ለለቅሶ የደረሱት አዴ ሙሚና የማላውቀውን ነገሩኝ። ሰርካ ሁሉን አጫውታቸው ነበር። እሳቸውም «ሲንቄ ባይኖርሽም ልጃችን ነሽ። አንድ ቃል ተናገሪ፣ ነገ ወንድምሽ ደጅ እንቀመጣለን» ብለዋታል። እሷ ግን «ተዉት አዴ፣ ነጋሽ ሰው ፊት ያፍራል» አለቻቸው። ወይኔ እህቴ! አንድ ቃል ከአፏ ቢወጣ ትሄድ ነበር። እኔን ላለማሳፈር ቀረች።

ሰርካ ትዳር አልመሠረተችም፣ ልጅም አልወለደችም። እኔን፣ ፈለቀችን፣ እንደ እናት «አደይ» እያሉ የሚጠሯትን ሁለቱን ልጆቻችንንና አሥራ አንድ ሥዕሎቿን ትታ ሄደች። እዚህ ቆማችሁ የምትሰሙኝ የመሰላ እናቶች፣ እሷ ያልጠራቻችሁን እኔ እጠራችኋለሁ። ከቀብር መልስ ሲንቄያችሁን ይዛችሁ ደጄ ላይ ተቀመጡ። ካሳውን የምትቀበለኝ የለችም፤ ቢሆንም ኑ። እግዚአብሔር ነፍሷን በሰፊው ቤቱ ያሳርፍልን።