እግሯ መሬት እንዳይነካ ለፈረዱት ኃላፊ

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ

ክቡር ሆይ፤ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የመኪናዎ በር ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ባለፈው ማክሰኞ «አንቺ ምላሳም!» ብለው ከቢሮዎ ያስወጡኝ የአዋላጇ ልጅ፣ በጣም ደህና ነኝ፤ ምላሴም እንዳለ ነው።

ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቁመቱ «አንቴና» ያሰኘው አጎቴ ወገቡን ሲያመው፣ ረጅም መንገድ ይጓዝባት የነበረችውን ትልቅ ሞተር ለእናቴ ሰጣት። እናቴ በየገጠሩ እየዞረች የምታዋልድ፣ ቁመት ሲታደል ግን ሥራ ላይ የነበረች ሴት ናት። ሞተሯ ላይ ስትወጣ እግሯ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ባቆመች ቁጥር አብረው ይወድቃሉ። የሰፈራችን መካኒክ ከኋላ የአሞርዛተሩን፣ የንዝረት ማብረጃውን፣ ማያያዣ ብረት ቀይሮ ዝቅ አደረጋት፣ የፊቱንም በዚያው ልክ አወረደ፣ የመቀመጫውን ስፖንጅ ላጠ፤ በመጨረሻም ሞተሯ ስትቆም የምትደገፍበትን የጎን እግር በልኩ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሁለት እግሯን መሬት አድርጋ ትቆም ነበር። እርስዎ ዘንድ ለዓመታዊ ምርመራ እስክትቀርብ ድረስ። እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸውልዎ፦

1. ሞተሯ «ከፋብሪካ የወጣችበትን ቁመት አጥታለች» ብለው ስለጣሏት። እናቴ «ጌታዬ፣ እግሬ አይደርስም እኮ» ስትልዎ፣ «ታዲያ ሞተሩ ምን አጠፋ?» ብለው የመለሱላት ነገር በሰፈሩ ሁሉ እየተደነቀ ነው። ፋብሪካው እናቴን አይቷት አያውቅም፤ እርስዎ ግን የፈረዱባት አይተዋት ነው።

2. ሞተሯ እዚያው ግቢዎ ውስጥ፣ እርስዎ እያዩ፣ ወደ ጥንት ቁመቷ እንድትመለስ ስላዘዙ። አብሮን የመጣው መካኒካችን «የጎን እግሩስ?» ብሎ ገና አፉን ሲከፍት «ያልተጠየቅከውን አትዘባርቅ» አሉት። እኔም በትሕትና «ጋሼ፣ ከፍ ካለች ያጠረው እግር አይችላትም፣ ትጋደማለች» ብል፣ ልጅ ያቦካው ለእራት እንደማይበቃ በተረት አስተማሩኝ። ከዚያም እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው «አቁማት!» አሉ። አቆማት። «አያችሁ?» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሞተሯ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከማት አሮጊት አዘንብላ፣ ከኋላዋ ከታሰረው የእናቴ የዕቃ ብረት ሳጥን ጋር አጠገቧ በቆመው መኪናዎ በር ላይ ተጋደመች። ያቦካሁት ለእራት ባይበቃም ለአንድ በር በቅቷል።

3. ሦስተኛውን ለማመስገን ቃል አጠረኝ፤ ማጠር ደግሞ በእርስዎ ዘንድ ወንጀል ነው። ሞተሯን «አደገኛ» ብለው ግቢዎ ውስጥ አስረዋታል። እናቴ ቦርሳዋን አንግታ መንገድ ዳር የጭነት መኪና ትለምናለች። ሰሞኑን አንድ ሕፃን እሷ እስክትደርስ ሳይጠብቅ ተወለደ። የእርስዎን ውሳኔ አለማክበሩ ነው፤ ገና ልጅ ነውና ይቅር ይበሉት። እናቱ ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ እናቴ የደረሰችላት በመከራ ነው። ይህችን እንኳ በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስለዚህ ሞተሯ በፋብሪካው ሳይሆን በነጂዋ እግር ልክ ተደርጋ እንድትለቀቅ፣ ይህም ቀጣዩ ሕፃን መንገድ ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን እጠይቃለሁ። «አለቃችን ይወስኑ» ማለት እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ አለቃው እርስዎ ነዎት።

ክቡርነትዎን በቁመትዎ ልክ የማከብር፣
ምላሳሟ የአዋላጇ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ከቢሮዎ ሲያስወጡኝ እስክሪብቶዬ ወድቆ ከጠረጴዛዎ ሥር ጎንበስ ብዬ ነበር። የወንበርዎ አራቱም እግሮች በመጋዝ ተቆርጠዋል፤ የእርስዎም እግሮች ደልደል ብለው ወለሉን ረግጠዋል። ደስ ይላል፣ አይደል? ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ አናት ላይ የለጠፈልኝ አጎቴ አንቴና ነው። ለመንቀል ወንበር ሲያስፈልግዎ ከጸሐፊዎ ይዋሱ፤ የእርስዎ አያደርስም።