ሰዓቱና መጠኑ

ጁን 12

ዛሬ ስምንት ቤት ዞርኩ። ስምንቱም እድሳት፣ ስምንቱም የኔሪዮ ደንበኞች። አንዱ የመኪና፣ ሁለቱ የእሳት፣ የቀሩት የበረዶ ኢንሹራንስ። ለኔ የደረሰኝ... ምንም። ቤንዚኑ የራሴ፣ ፈገግታው የራሴ፣ ኮሚሽኑ የቢሮው።

ኔሪዮ ማርች ላይ ነው የሞተው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚሁ ወኪል ቢሮ ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀመጠና አልተነሳም። ጠረጴዛውን ለኔ ሰጡኝ። ስልኩንም። ኮምፒውተሩ ግን እስከ ዛሬ ደንበኞቹን በሱ ስም ነው የሚያወጣቸው። "ሊቬራኒ ኔሪዮ፣ በሥራ ላይ" ይላል።

ስልኩ አሮጌ ነው፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። ካላነሳሁት የሱ ድምፅ ይመልሳል። "ኔሪዮ ነኝ። በረዶ ከሆነ ሰዓቱንና መጠኑን ንገሩኝ። ሌላ ከሆነ አይቸኩልም።" መቀየር ነበረብኝ። እንዴት እንደሚቀየር አላውቅም... አይ፣ አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለኝ እንጂ።

ጁን 20

ዶክተር ባንዲኒን አነጋገርኩ። የቢሮው ባለቤት።

"አዲስ ደንበኛ ሳመጣ ኩባንያው ከሚሰጥዎት ሃያ በመቶ ውስጥ ስምንቱን ይሰጡኛል። የኔሪዮ ደንበኞች ሲያድሱ ግን ሃያውም እርስዎ ጋ ይቀራል። የምዞረው ደግሞ እኔ።"

"የሟች ሠራተኛ ደንበኛ የቢሮው ነው፣ ሎሬታ።"

"ታዲያ ቢሮው መኪና ይንዳ።"

ሳቀ። "ኔሪዮ እንዲህ አይጨቃጨቅም ነበር" አለኝ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። በሞተ ሰው ይመቱኛል። ለመሆኑ ለኔሪዮ ከእድሳት ስንት ይከፍሉት ነበር ብዬ ብጠይቅ "እሱ በኔና በሱ መካከል ነው" አለ። አሁንም? መቃብር ድረስ?

ለእድሳትም ስምንት። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። እሱ ሦስት ብሎ ቆመ። መቶ አርባ ቤት እያዞሩኝ ሦስት... ላም አለኝ በሰማይ ሆነ የኔ ነገር።

ጁን 29

ፕሪሞ ድሬይ ቤት። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። አራት ሄክታር ኮክ አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሚስቱ ኢሪዴ አንድ ሣጥን ኮክ መኪናዬ ውስጥ ከተተችልኝ። "ዛሬ እንዳትነኪው፣ እሑድ ብዪው" አለች።

ፕሪሞ ጆሮው ደክሟል። ፊት ለፊት ከንፈር እያየ ይግባባል፤ በስልክ ግን ሰው የሚለው አይገባውም። ስለዚህ ማሽን ሲያነሳለት ይወዳል።

"ኔሪዮ እስክጨርስ ዝም ብሎ ይሰማኛል" አለኝ። "እናንተ ታቋርጣላችሁ።"

"ሲኞር ፕሪሞ፣ ኔሪዮ እኮ ሞቷል።"

"ቀብሩ ላይ ከጎንሽ ነበርኩ አይደል እንዴ፣ ልጄ? መሞቱን አጣሁት? ግን ድምፁ ካለ ከኋላው የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነው። የለም?"

"አለ" አልኩት።

በረዶ ወርዶ በሦስት ቀን ውስጥ ካላሳወቁ ካሳ የለም። ይህን እሱ ከኔ የበለጠ ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሲከፍል የኖረ ሰው ነው።

ጁላይ 7

ዛሬ ቆረጥኩ። ባንዲኒ ፊት ስልኩን አንስቼ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከወረቀት ፎጣዎቹ ሥር።

"ኮሚሽኑን ለማትሰጡኝ ደንበኛ ስልክ አላነሳም። ስንፈራረም አወጣዋለሁ።"

"ይጩህ" አለ፣ ቡናውን ሳያስቀምጥ።

ልክ ነኝ። ደግሜ ልጻፈው... ልክ ነኝ።

ጁላይ 11

ስልክ የሌለበት ቀን። ራስ ምታቴም የለም።

ጁላይ 16

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከኮረብታው በኩል አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ወረደ። ፋኤንዛ ከተማ ውስጥ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል፣ መኪና የማይጎዳ። ገጠሩ ግን ሌላ ነው ይላሉ። እሑድ ቢሆንም ቢሮውን ከፈትን፤ የቢሮው ስልክ እስክንዘጋ አላረፈም። የራሴን ደንበኞች አሥራ አንዱንም መዘገብኩ። ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት ሄክታር።

መሳቢያው ትዝ አላለኝም።

ውሸት። ለራሴ እየጻፍኩ ማንን ነው የምዋሸው? ትዝ ብሎኛል። ባንዲኒ ይጨነቅበት ብዬ ተውኩት።

ጁላይ 17

ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ መሳቢያው ተንቀጠቀጠ። ስልኩ ከእንጨቱ ጋር እየተፋጨ... አንድ የታሰረ ነገር ያለበት ይመስላል። ባንዲኒ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መሳቢያውን አየ። እኔን አየ። እኔም አየሁት። ማን ቀድሞ ይጎነበሳል?

ማናችንም አልጎነበስንም። መንቀጥቀጡ ቆመ።

ጁላይ 20

አሸነፍኩ! ባንዲኒ ሥራው አናቱ ላይ ወጥቶበት ራሱ ጠራኝ። "እሺ፣ ስምንት። ለእድሳትም። ያለ አንቺ ይህን በረዶ አልወጣውም።" ሰኞ እንፈራረማለን። በረዶው ነው ያሸነፈልኝ።

ማታ ካፔሌቲ ፓስታ ቀቅዬ አንድ ብርጭቆ ሳንጆቬዜ ወይን ጠጣሁ። ስልኩን ከመሳቢያ አወጣሁት። ባትሪው አልቋል። ቻርጅ ላይ ነው።

ጁላይ 21

ሰባት መልእክት። አራቱ ተራ ጥያቄ። ሦስቱ የፕሪሞ።

የመጀመሪያው በ16፣ በረዶው እንዳባራ። "ፕሪሞ ነኝ። ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ። መጠኑ መጀመሪያ ሽምብራ፣ ኋላ የእርግብ እንቁላል። አንዳንዱ የዶሮ። ስምንት ደቂቃ ወረደ። ኢሪዴ ሦስቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፣ ስትመጡ እንድታዩ። ኮኩ መሬት ላይ ነው። በቃ።"

ሁለተኛው በ17፣ ጠዋት። "ፕሪሞ ነኝ። ትናንት ተናግሬያለሁ። ምናልባት ረስታችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።" እኔና ባንዲኒ የሰማነው ይሄንን ነበር።

ሦስተኛው በ19። የማሳወቂያው መጨረሻ ቀን። ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ከሩቅ የኢሪዴ ድምፅ... "ዝጋው ፕሪሞ፣ ማንም የለም።"

ስንት ጊዜ ሰማሁት? አልቆጠርኩም። ደግሞ በየመሃሉ ያ ድምፅ፣ "ኔሪዮ ነኝ" የሚለው። ሟቹ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ያልሠራሁት እኔ ነኝ።

ጁላይ 22

ቅዳሜ ቢሆንም የፕሪሞን ጉዳት መዘገብኩት። ወዲያው ተመለሰ። "ጊዜው አልፏል።" ባንዲኒ ቤት ሄድኩ። ቁምጣ ለብሶ ቲማቲም ያጠጣል። ከነገርኩት በኋላም ማጠጣቱን ቀጠለ።

"ምን መልእክት? ስልኩ ባትሪ አልነበረውም። ቁጥሩም ሊዘጋ የነበረ ነው። ሰኞ ይዘሽው ነይ፣ እኔ አስዘጋዋለሁ። ውልሽም ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅሻል።"

"መሳቢያው ሲንቀጠቀጥ አብረን ሰምተናል፣ ዶክተር።"

"አዎ" አለ። "አብረን። እሱን አትርሺ።"

ጁላይ 23

ፕሪሞ ጋ ሄድኩ። ከኮኩ ሽታ የተነሳ ግቢው ውስጥ መተንፈስ ያቅታል፤ ሁሉም መሬት ላይ ተቦክቷል፣ ንብ ወርሮታል። ኢሪዴ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከአተሩ ጎን ሦስት የበረዶ ድንጋይ በፌስታል። አንደኛው በእርግጥ የዶሮ እንቁላል ያህላል።

"እንደተባልኩት ነው የተናገርኩት" አለ ፕሪሞ። "ሰዓቱን። መጠኑን። ተሰምቷል?"

ተሰምቷል ልበል? ቀኑ ካለፈ በኋላ? መሳቢያ ውስጥ ነበር ልበል?

"እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ስልኩን ቆልፌበት ነበር። በገንዘብ ተጣልተን።" ከንፈሬን እያየ ነበር። የገባው መሰለኝ፤ ምክንያቱም ወንበሩን አዙሮ በመስኮት ማየት ጀመረ።

"ዝሆኖች ሲጣሉ..." ብላ ኢሪዴ አልጨረሰችውም። ማቀዝቀዣውን ዘጋችው።

ጁላይ 24

ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስምንት። ለእድሳትም ስምንት። በፊደልም በቁጥርም ተጽፏል። ከጎኑ ስልኩን የማስቀምጥበት ባዶ ቦታ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቆንጆ ውል ነው። እውነቴን ነው፣ እጄ እስክሪብቶው ላይ ነበር። ለመፈረም መቸኮሌ ራሴን አስፈራኝ።

ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ፖስታ ቤት ገብቼ ቦሎኛ ላለው የኩባንያው ካሳ ክፍል ጻፍኩ። ይህ የኔሪዮ ስልክ ቁጥር በፕሪሞ የኢንሹራንስ ውል ላይ የታተመ ነው። መልእክቱ በዕለቱ ደርሷል። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሲጮህ የሰማነው እኔና የቢሮው ኃላፊ ነን። ድምፁንም ቀድቼ ላክሁ። ሎሬታ ሳቮራኒ ብዬ ፈረምኩ። የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው።

ጁላይ 31

ኩባንያው ባንዲኒ ጋ ደወለ። እሱም እኔን አባረረኝ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ" አለኝ ቁልፉን ሲቀበለኝ። ስልኩንም ወሰደው። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው፣ እዚያው ፎጣው ሥር።

ሴፕቴምበር 18

ለፕሪሞ ከፈሉት። ሙሉውን አይደለም፣ ግን ለቀጣዩ ዓመት ዛፉን አይነቅልም። ኢሪዴ ናት የደወለችልኝ። "መጣልን" አለች። አመሰግናለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ስለ እድሳት ጠየቅኳት። "ፕሪሞ በስልክ አልናገርም ብሏል" አለች። "ለማንም።"

ኦክቶበር 9

ፎርሊ ከተማ ያለ ሌላ ቢሮ ተቀበለኝ። ስምንት። ለእድሳትም ስምንት። በጽሑፍ፣ ያለ ጭቅጭቅ። የሚታደስ ደንበኛ ግን አንድም የለኝም።

ጠረጴዛው መሳቢያ አለው። የታችኛውን አውልቄ ለጽዳቷ ሴት ሰጠኋት። "ምን አረገሽ?" ብላ ሳቀች። ይንቀጠቀጣል አልኳት።

ኦክቶበር 30

ዛሬ መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ያን ቁጥር ደወልኩ። ለምን? አላውቅም። ተዘግቶ ይሆናል ብዬ... ተዘግቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አልተዘጋም። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ማን ቻርጅ እንደሚያደርገው እንጃ፤ የት ሆኖ እንደሚጮህ ግን አውቃለሁ። ከዚያ አነሳው።

"ኔሪዮ ነኝ። በረዶ ከሆነ ሰዓቱንና መጠኑን ንገሩኝ።"

"ሎሬታ ነኝ" አልኩት። "ጁላይ 17። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ።"

ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ፕሪሞ እንዳለው። ሳያቋርጥ። መጠኑን እየጠበቀ።

መጠኑን መናገር አቃተኝ። ዘጋሁት።