ተረከዜና የመጨረሻው ጆንያ

ጥቅምት 3
ዛሬም የመጨረሻውን ጆንያ ተሸክሜ ከመኪናው ላይ ዘለልኩ። ዱብ! ሲሚንቶው ወለል ላይ። ጫኞቹ በሙሉ አፏጩ። መኪናው ላይ በተደገፈው ሳንቃ መውረድ የሽማግሌ ነው። «አሞራው» የሚሉኝ በከንቱ ነው እንዴ?
የመጋዘኑ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። የጫኞቹ አለቃ ሥራ ሊለቅ ነው አሉ። ታዲያ ከኔ ሌላ ማንን ሊሾሙ?

ጥቅምት 8
ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ መሰለኝ። ግራ ተረከዜን። ገልብጬ አየሁት፣ ምንም የለም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እስከ ሽንት ቤት... ከዚያ ለቀቀኝ።
እህቴ አይታኝ ኖሯል።
«አንካሳ አሞራ!»
«ዝም በይ፣ ጫማው ነው።»
«ጫማው ምን አደረገህ? ዝላይህ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር ስሠራ ይኸው ነው ያተረፍኩት።»
«አንቺ ሴት ነሽ።»
«ተረከዝ ሴትና ወንድ አያውቅም፣ ጌታው!»
ታላቄ ባትሆን፣ ቤቱም የሷ ባይሆን...

ጥቅምት 10
እህቴ ማታ ማታ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሠራ የውሃ ጠርሙስ ታወጣለች። እግሯን ላዩ ላይ እያንከባለለች ቴሌቪዥን ታያለች። ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ሳትነሳ ውስጥ እግሯ ላይ ፎጣ አድርጋ ወደ ራሷ ትስባለች። ወለሉን በባዶ እግሯ አትረግጥም። ለኔም ጠርሙስ ሞልታ አስቀምጣለች።
«እስኪሻልህ አትዝለል፣ በሳንቃ ውረድ።»
በሳንቃ! ከዘራም ግዢልኛ!
በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን ጠጣሁት።

ጥቅምት 15
ገባኝ። ጠዋት ያማል፣ ትንሽ ስራመድ ይለቃል። ሥራ ስገባ ጤነኛ ነኝ ማለት ነው! ካርቶን ቆርጬ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩ። ማን ሐኪም ያስፈልገዋል?
ወገቤም ትንሽ... እሱ የአልጋው ነው።

ጥቅምት 19
ቅዳሜ ትልቅ ጭነት ይገባል። ከዚያ በኋላ ኃላፊው አለቃ የሚሆነውን ይነግረናል። ከጫኞቹ «ዝምተኛው» የምንለውም ታስቧል አሉ። ዝምተኛው! ሁልጊዜ በሳንቃ የሚወርደው፣ ጆንያ እንደ ሕፃን የሚያስተኛው! ፊቱ ላይ ሳቅሁበት።
«አንተ፣ ሳንቃ የጠፋ ቀን ምን ይውጥሃል?»
«እስኪገኝ እጠብቃለኋ» አለ። አይናደድም እንዴ ይሄ ሰው?

ጥቅምት 22
የመጨረሻው ጆንያ የኔ ነበር። ኃላፊው ቆሟል። ከታች «አሞራው! አሞራው!» ይላሉ። ዛሬ ተረከዜ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀኝም። በሳንቃ ብወርድስ? አሰብኩ... አዎ፣ አሰብኩ። ግን ያ ፉጨት...
ዘለልኩ።
ግራ እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴ ወደቅሁ። ጆንያው ፈንድቶ ስኳሩ ወለሉን ሞላው። ማንም አላፏጨም። ኃላፊው መጀመሪያ ስኳሩን አየ፣ ከዚያ እኔን።
«የጫኝ አለቃ ዕቃ የሚያድን ሰው ነው» ብሎ ገባ።
ዝምተኛው ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ምነው እዚያው በተወኝ!

ጥቅምት 24
ሐኪም ቤት። «አልተሰበረም፣ የውስጥ እግርህ ጅማት ነው የተቆጣው» አለ ሐኪሙ። ያዘዘልኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በረዶ። ፎጣ። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ። ዝላይ መተው። ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ለዚህ ነው?
እህቴ ጠርሙሱን አቀበለችኝ። «ለካ አንተም ሴት ነህ።»
ተቀብዬ እግሬን ላዩ ላይ አንከባለልኩ። እኔ! በጠርሙስ!

ኅዳር 2
ዝምተኛውን ሾሙት።

ኅዳር 25
ጠዋት ፎጣ፣ ማታ ጠርሙስ። ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ። ትርፌ ይቺው ናት። አዲሱ አለቃ ጋሪ ላይ መደበኝ። «ለእግርህ ብዬ ነው» ይላል። አዛኝ! መኪና ላይ የሚወጡት ሌሎች ናቸው፣ እኔ ታች ሆኜ እገፋለሁ።
ዛሬ አዲስ የተቀጠረው ባለ ቀይ ኮፍያ የመጨረሻውን ጆንያ ተሸክሞ ዘለለ። ዱብ! ሁሉም አፏጩ። «አሞራው!» ብለው ጮኹ። ዞር አልኩ እኮ... ለካ እሱን ነው።
በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ተረከዙን ያሻል።
«ምነው?» አልኩት።
«ምንም። ጫማው ነው።»
ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር... ዘጋሁት። እኔስ ሲነገረኝ መቼ ሰማሁ? ይዝለላ። ስሜን ከወሰደ ከነሕመሙ ይውሰደው።