ከመረቡ ወዲያ

አስመራ፣ ጸጸራት
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለብርቅነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። «ዓሣው ሲራባ እመጣለሁ ካልከኝ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ዓሣ ነው ወይስ ዝሆን?» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ብቻዬን ስቄያለሁ። 

ጣሊያኖቹና መኮንኖቹ በመንጠቆ የሚጫወቱበት፣ ከውጭ የመጣው አፈ ሰፊ ዓሣ እንዳራባቸው የተላክሁትን የሐይቁን ነባር ትንንሽ ዓሦች በልቶ ሊጨርሳቸው እንደነበር ነግሬሻለሁ። ሁለቱንም ወገን ላስማማ ብዬ ሰፊውን ውኃ ለመንጠቆኞቹ ተውኩ፤ አንዱን ጥግ በመረብ አጥሬ የተረፉትን ትንንሾች እዚያ አራባሁ። ዘንድሮ ጫጩቶቻቸው ዳር ዳሩን ሲርመሰመሱ አይቼ፣ ለፋሲካ ልመጣ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ ነበር።

መንጠቆኞቹ የያዙትን ለዘበኛው ለአቶ አስገዶም ይሰጡታል። እሱም ለቤቱ ይወስደዋል። ሁዳዴ ሲገባ ግን መውሰዱን ተወ።

«ጾም ነው፣ ኣይበላም» አለኝ ትናንት። «ነፍስ ያለውን ፍጡር ደረቅ ላይ ጥዬው ልሂድ? ሓጢኣት ነው።»

«ታዲያ ወደ መረቡ ውስጥ ጣልከው?»

«እወ። እዚያ መንጠቆ የለማ፣ ኣቶ እሸቱ።»

አንድ ወር ያህል ሲምራቸው ከርሟል። በመረቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ብናስስ ከአፈ ሰፊዎቹ በቀር አንዲት ትንሽ ዓሣ አልወጣችም። ልቆጣው አስቤ አቃተኝ። «የተያዘውን ወደ ሰፊው ውኃ እንዳትመልስ» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ስድስት ልጆች ስላሉት፣ በሪፖርቱ ላይ መረቡ ተቀደደ ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ አስጠራኝ። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ወንዝ ጥቂት ትንንሾች ስለተገኙ እንደገና እንጀምር አለ፤ ሌላ ሦስት ዓመት። «ከደከመህም አልፈርድብህም፣ ዝውውርህን እፈርምልሃለሁ፤ ለፋሲካ ቤትህ ትገባለህ» አለና ሁለቱንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

በጣም ደክሞኛል፣ ብርቄ። ግን የሦስት ዓመቱን ፈረምኩ። አንቺ ትዝ ያልሽኝ ደረጃውን ስወርድ ነው።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልኝ፤ ልጆቹን በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ።

ባልሽ
እሸቱ