የላክህልኝ ቡችላ ደጅ መውጣት እንደለመደ

ለወንድሜ ለኃይለመለኮት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ እንደዋልክ ነው? ዝናሽስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ብቻውን አያጉረመርምም፤ አብሬው ነኝ፤ ታውቀኛለህ።

ይህን በእጄ የምጽፈው ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «በይ ደህና ሁኚ» ትለኛለህ። ወረቀት አያቋርጠኝም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ታግሠህ አንብበው፤ በስልሳ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ እጅ ከዚህ በላይ አይቀናም።

ነገሬ ስለላክህልኝ ቡችላ ነው። እውነቱን ልንገርህና፣ ከጥምቀት በኋላ መልእክተኛህ ዋርፋ ከመልካ ጀብዱ በካርቶን ይዞት የመጣ ዕለት አልቅሻለሁ፤ ከደስታም አልነበረም። ሌባ ጀሪካኖቼን ከበረንዳ ሲወስድብኝ «ብቻዬን መሆኔ አስፈራኝ» ብዬ የነገርኩህ ትመጣለህ ብዬ ነው። ከጅቡቲ ድሬ በባቡር ቢበዛ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ አንተን ግን ይኸው አራት ዓመት ወሰደብህ። ሰው ስጠብቅ ውሻ መጣልኝ።

ዘበኛ ያልከው ፍጥረት ከጫማዬ አይበልጥም። ሽንቱን የትም ይለቃል። ምንጣፌ ላይ፣ የሽንኩርት ቅርጫቴ ውስጥ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አጥቤ ያስቀመጥኩት ነጠላዬ ላይ። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የማይቻለው የራሕማ ነገር ነው። እንደምታውቀው ከራሕማ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ በረንዳ ተካፍለን ኖረናል፤ ስታመም ውሃ የምታቀብለኝ እሷ ናት። አንድ ቀን መስገጃዋን ደጃፏ ላይ ዘርግታ ውዱእ ልታደርግ፣ ለሶላት ልትታጠብ፣ ዞር ስትል ሄዶ አረጠበው። በዚህ የውሃ ችግር እንደ ሃይማኖቷ ደንብ ሰባት ጊዜ አጠበችው፤ አንዱን ጊዜ በአፈር። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስትጨርስ ብቻ፣ ረመዳን ሲገባ ቤተሰቧ ሁሉ በረንዳው ላይ እንደሚሰግድ ነግራኝ፣ እስከዚያ ካልለመደ ይሂድ አለች። እኔም እሺ ብዬ ቃሌን ሰጠኋት። ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። ላንተ ስነግርህ ደግሞ «በቃ ለዋርፋ እደውላለሁ፣ መጥቶ ይወስደዋል» ብለህ በአንድ ቃል ጨረስከው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የማውቀውን ነው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እያሻሸሁ በነጠላ ጫማ መታሁት። አንድ ነገር ተማረ፤ እኔ ፊት አለመሽናት። አልጋ ሥር፣ ከጤፍ ከረጢቱ ኋላ፣ ሰው የማያየውን ቦታ ሁሉ አዳረሰው። ተንኮለኛ ነው ብዬ ደገምኩት። ራሕማ ጫማውን እንዳነሳሁ ደረሰችብኝ። ልጇ ሰምሰም እዚሁ በረንዳ ላይ ነው ፊደል ያስቆጠረችኝ። «ተሻለች፣» አለችኝ በስሜ ጠርታ፣ «ስንት ወር ነው አንዱን ፊደል ካንዱ ያምታታሽው? ሰምሰም በጫማ መታችሽ?»

ጫማውን አስቀመጥኩ። ብትመታኝ ኖሮ ደብተሬን ደብቄ እቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ መምታቱን ትቼ መመልከት ጀመርኩ። በሁለት ቀን ገባኝ። በዚህ አቧራ ውስጥ ግቢያችን ላይ እርጥብ አፈር ያለው ራሕማ ውዱእ የምታደርግበት ደጃፍ ብቻ ነው። እሷ ውሃዋን አፍስሳ ስትገባ እሱ እያሸተተ ይሄዳል። ክፋት አይደለም፤ ለዚህ የተሰናዳ ቦታ መስሎት ነው። ስለዚህ ከኩሽናው ጀርባ ኒም ዛፏ ሥር ሌላ ቦታ በዕቃ እጣቢ አረጥብለት ጀመር። ሰዓት ቆጥሬ አላውቅም፤ የግቢያችን ሰዓት አዛን ነው። አዛን ሲል ራሕማ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በፊት ለፊት ትወጣለች፣ እኔ እጣቢዬንና ቡችላውን ይዤ በጓሮ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ንጋት ላይ ሳይቀር፣ በዚህ ጉልበቴ። የሚያየን ሰው ሃይማኖቴን የለወጥኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ቶሎ ለመደ ብዬ አልዋሽህም። የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ቅዳሴ ቆይቼ ስመለስ የራሕማ ደፍ ረጥቦ አገኘሁት። ሳታይ ወለወልኩት። ይህን ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

በማግስቱ ማክሰኞ ከሰዓት ዋርፋ ጆንያ ይዞ ከተፍ አለ። ተወው እንዳልለው ለራሕማ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ያውም የደበቅኳት የትናንቱ ጥፋት ሆዴ ውስጥ አለ። ቡችላውን ራሴ ጠራሁት። ጅራቱን እየቆላ መጥቶ እግሬ ላይ ተቀመጠ። ዋርፋ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ የጆንያውን አፍ ከፈተ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ይኼኔ የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን አለ። ቡችላው ተንፈራግጦ ከእጁ ወርዶ ሮጠ። ዋርፋ «አመለጠኝ!» እያለ ወደ በሩ ዞረ። ራሕማ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወጥታ ነበርና «ወደዚያ አይደለም» አለችው። ሦስታችንም ተከትለን ብንሄድ ከኩሽናው ጀርባ ኒሟ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘነው። መሬቱ ደረቅ ነበር፤ በዋርፋ መምጣት ደንግጬ ሳላረጥበው ቀርቼ።

ራሕማ እስኪጨርስ ድረስ አየችው። ከዚያ «አቦ ዋርፋ፣ ጆንያህን አጥፈህ ሂድ» አለችው። «ወላሂ፣ ከኔ ቀድሞ ነው የተነሳው።»

ዋርፋ ለኃይለመለኮት ምን ልበለው ሲል እኔው እጽፍለታለሁ አልኩት።

እና ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። አባታችንም በአንድ ቃል ነበር የጨረሰው፤ ኃይለመለኮት ይማር፣ ተሻለች እናቷን ታግዝ። አንተ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ምን ታውቃለህ? እኔ ግን ስልክ ባነሳህ ቁጥር ይህንኑ ሳስከፍልህ ኖርኩ። ዘንድሮ ሳስበው፣ ቶሎ የምትዘጋው ስለምትቸኩል ላይሆን ይችላል። የሚመታ ሰው ፊት ማን ይቆማል?

ቂሜን ሁሉ ጣልኩ አልልህም፤ በስድሳ ስድስት ዓመት ያን ያህል አይጣልም። ብትመጣ ግን የትምህርት ቤቱን ነገር አላነሳም፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት።

ለዝናሽ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችልኝ ሽቶ ደርሶኛል፣ ሰምሰም ልትጨርሰው ነው። ማርቲዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ኒቆዲሞስን፣ አክስትህ ጽሑፏ ካንተ ይሻላል ብላሃለች በለው። ራሕማና ሰምሰም ሰላም ብለውሃል።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። የምትመጣበትን ቀን ለዋርፋ አትንገር፤ ለኔ ደውል።

እህትህ ተሻለች
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.