መሪ ያዡ የሚያየው ፊት

ሰኞ፣ ሜይ 5

ስምንት ታካሚ። አራቱ ትከሻ፣ ሁለቱ ወገብ፣ አንዱ በግ ሲያሯሩጥ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት... ስምንተኛው ቄሱ ናቸው። ምንም የላቸውም፤ ወሬ ናፍቋቸው ነው።

ቶራልቭ ዛሬም ከጀልባ ሲወርድ ቀኝ እግሩን በእጁ አንስቶ አወጣው። ማንም ያላየው መስሎታል። ዳሌው ነው፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ምንህን ነው ስለው "ጭጋጉ ነው" ይላል። ጭጋግ ዳሌ ውስጥ ይገባል እንዴ? የመንደሩ ሰው ሁሉ ለፊዚዮቴራፒ እኔ ጋ ይመጣል፤ የገዛ ባሌ ብቻ የክሊኒኬን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ።

ራት ላይ "ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው" አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የመንደሩን የሴቶች ጀልባ እያሠለጠነ መሪ ይዟል። ጁላይ መጨረሻ፣ ለኦላቭሶካ በዓል ዋና ከተማችን ቶርስሃቭን ላይ ከተወዳደሩ በኋላ ይበቃኛል ነው የሚለው። ልጃችን ራንቫ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከስድስቱ ቀዛፊዎች አንዷ ናት።

"እንግዲያው ዘንድሮ እናሸንፋለን፣ አባ።"

አብረው አሸንፈው አያውቁም።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ቀዛፊዎቹን ወደቡ ላይ የሰውነት ማፍታቻ አሠራኋቸው። አሥር ደቂቃ ብቻ። ቶራልቭ ሰዓቱን እያየ "ባሕሩ ራሱ ያፍታታቸዋል" አለ። ቢርና ደግሞ፣ ከፊት የምትቀዝፈው፣ "እማማ ሱኒቫ፣ ይሄ እኮ የአሮጊት ስፖርት ነው" አለችኝ። አሮጊት ለመሆን የምትፈልግ ማፍታታት አለባት አልኳት። ሳቁ። ግማሹን ሠሩት።

እሑድ፣ ጁን 8

ትናንት ክላክስቪክ ላይ በተደረገው ውድድር አራተኛ ወጡ።  ዛሬ ጠዋት ቶራልቭ ፍሪጁ ላይ አዲስ የልምምድ ወረቀት ለጠፈ። በሳምንት አራት ቀን የነበረው ሰባት ሆኗል።

"ቀስ በቀስ ጨምር" አልኩት። "ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል። አጥንት ግን ዘግይቶ ነው የሚደርስበት።"

ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሐሙስ፣ ጁን 19

ራት ላይ ቶራልቭ የጎረቤታችንን አውራ በግ ታሪክ አወራ። ሰውየው የክት ልብሱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲል በጉ ከኋላ መጥቶ ቦይ ውስጥ ከቶት... ራንቫ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን መሃል ላይ ቆረጠችው፣ ግራ ክንዷን ጎኗ ላይ አጣብቃ።

ሰው ሳቁን ለምን ይቆርጣል? ታሪኩ እኮ ገና አላለቀም ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 20

ትናንት ማታ ራንቫን "ነገ ጠዋት ክሊኒክ ነይ" ብያት ነበር። መጣች።

"የምታይኝ እንደ እናት ነው እንደ ሐኪም?"

"እንደፈለግሽ።"

"እንደ ሐኪም። እንግዲህ ለአባ መናገር አትችይም ማለት ነው።"

ተንኮለኛ። የማን ልጅ ናት?

ጎኗን በጣቴ ተከተልኩት። አንድ ቦታ ስደርስ ዘለለች። ስታስነጥሺ? ያማል። አልጋ ላይ ስትገላበጪ? ያማል። ስትቀዝፊ? ፊቷን አዞረች። አሥር ቀን ሆኖታል። አሥር ቀን ሙሉ እንዲህ ሆና ቀዝፋለች! አንጀቴን በላችው።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ራንቫን ከላክኋት ሆስፒታል የራጅ ውጤት መጣ። የጎን አጥንቷ ተሰንጥቋል። ፀጉር የምታክል መስመር። ስድስት ሳምንት መቅዘፊያ አትነካም። ውድድሩ አንድ ወር ነው የቀረው።

"እስከ ኦላቭሶካ ብቻ፣ እማ። ከዚያ ዓመት ሙሉ እተኛለሁ።"

"ጨርሶ ከተሰበረ በኋላ?"

"የመጨረሻው ነው እኮ! እሱ መሪውን ይዞ እኔ ሳልኖር?"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አልኳት። እስከ እሑድ ራስሽ ንገሪው አልኳት። አለቀሰች። ማልቀሱም ጎኗን አመማት። ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ እኔም አለቀስኩ። ምስጢር መጠበቅ የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ቀላል ነበር...

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ራንቫ ዛሬም ቀዘፈች። ወደቡ ላይ ቆሜ በሳበች ቁጥር የራሴን ጎን ያዝኩ።

ቢርና ስትወርድ ትነጫነጫለች። "ቶራልቭ ምን ነካው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ! በዚህ ዓይነት በጎችም ይቀድሙናል።"

ያ ሰባት ቀን የለጠፈው ሰውዬ ነው ቀስ በሉ የሚለው? ገረመኝ።

እሑድ፣ ጁን 29

ከቶራልቭ ጋር ድንች እየላጥን ነበር። ቀና ሳይል "ግራ ጎኗ ነው አይደል?" አለኝ።

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

"አትመልሺልኝ። ሙያሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሱኒቫ፣ ስድስቱም ለመድረሻው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። አንዷ የሌላዋን ማጅራት ነው የምታየው። ፊታቸውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ራንቫ በሳበች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ራሷ እስክትነግረኝ ብዬ። ደግሞ... ያንን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

 ለቀናት ተናድጄበት ነበር፤ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እርጥብ እጄን ማጅራቱ ላይ አደረግሁለት። 

ራንቫ ልትነግረው ስትገባ አላስጨረሳትም። "ከነገ ጀምሮ መቅዘፊያሽን ማርና ትይዛለች።" ማርና ተጠባባቂያቸው ናት።

"አባ፣ የመጨረሻህ እኮ ነው..."

"ራት ላይ ሳቅሽን ስትቆርጪ ከማይ ጀልባው ቢሰምጥ ይሻለኛል።"

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ቀዶ ጣለው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ማፍታቻውን ዛሬ ያሠራው ቶራልቭ ነው! ሁለቱን እንቅስቃሴ አበላሽቷቸዋል። አላረምኩትም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ከልምምድ በኋላ ራንቫን ወደ ጀልባው ጠራት። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።" የራሱ ቦታ ላይ! የመሪውን ገመድ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"መሪ ለመያዝ ጎን አያስፈልግም፣ ዓይን ነው። ማን ከንፈሯን እንደምትነክስ እያየሽ ትመሪያለሽ።"

"በኦላቭሶካ? አንተስ?"

"እኔ ከእናትሽ ጋር ቆሜ አያለሁ። ቆሜ አይቼ አላውቅም።"

እምቢ አለች። ደግማ እምቢ አለች። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤት ሲመለሱ እየተከራከሩ ነበር፣ እሷ ከፊት፣ እሱ እያነከሰ ከኋላ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ቀን እንዲህ ሰጣት... ይህን ሰው እንደ አዲስ ወደድኩት።

ሰኞ፣ ጁላይ 28

ቶርስሃቭን። ጠዋት ራንቫን አስጮኽኳት፣ ሳል አስሳልኳት፣ አስነጠስኳት። አያማትም። መሪ ትይዛለች፣ ሌላ ምንም አትነካም።

ቶራልቭ የብር ቁልፍ ያለውን የበዓል ሰደርያውን ለብሷል። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። መጨረሻ ላይ የእኔን እጅ ያዘ። ጀልባው ወደ ግራ ሲል ይጎትተኛል፣ ወደ ቀኝ ሲል ይገፋኛል። የራንቫ ድምፅ ከባሕሩ ላይ ይሰማል፤ ቃሉ የሱ፣ ጩኸቱ የሷ።

ሁለተኛ ወጡ። በመቅዘፊያ ርዝመት ተቀደሙ። አላሸነፉም! እሱ ግን እንባውን ሳይጠርግ ክንዴን ይነቀንቃል።

"አየሻት? ማርና ስትደክም አየቻትና የቀዘፋውን ምት አለዘበችላት። እንደገና አነሳቻቸው። አየሻት?"

አየኋት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

የቀጠሮ መዝገቡን ከፈትኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በራንቫ እጅ ጽሑፍ፦ "ቶራልቭ። ዳሌ።"

አንኳኳ። የገዛ ሚስቱን በር! ፎጣ ይዟል፣ አዲስ ካልሲ አድርጓል።

"እሷ ናት" አለ። "ከጀልባ ስትወርድ ፊትህን አይቼዋለሁ አለችኝ። ለእማ ካልነገርካት እኔም አልቀዝፍም አለችኝ።"

አልጋው ላይ ወጣ። ቀኝ እግሩን በእጁ አንስቶ፣ ያውም ፊት ለፊቴ።

"እህ፣ ይሄ ጭጋግ የት ላይ ነው የሚያምህ?" አልኩት።

አልሳቀም። እጄን ያዘና ወስዶ ቦታው ላይ አስቀመጠው።

"እዚህ" አለ።